ዜሮ ኪሎ ወይስ «አልተነበበም»?

ይህ ጽሑፍ ደሴ ላይ ለፕሮግራሚንግ ተማሪዎችና ለጀማሪ ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። የተደጋገመውን ቀንሼ፣ የተናገርኩትን እንዳለ ለመተው ሞክሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! አባቶች መርቀው ስላስጀመሩን አመሰግናለሁ። ወሎ ላይ ያለ ምርቃት የሚጀመር ሥራ የለም፤ ኮድ መጻፍም ሥራ ነው። ከጦሳ በኩል የሚመጣው ብርድ ዛሬ በርትቷል። አብሽሩ፣ ስንጨርስ ቡና አለ።

ይዤላችሁ የመጣሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ «52.35» የሚል ጽሑፍ ሲመጣልን እንዴት አድርገን ወደ ቁጥር እንለውጠዋለን? ኮርሱን የወሰዳችሁ ሁሉ መልሱ አንድ መስመር እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ኮምቦልቻ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። መጋዘኑ ማሾ ይገዛል። ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ያወጣል። ሚዛኑ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል። የእኔ ፕሮግራም ክብደቱን ተቀብሎ ይደምርና ደረሰኝ ያትማል። ለወራት ያለ ችግር ሠራ። አንድ ቀን ሚዛኑ ተበላሸና በሌላ ተተካ። አዲሱን ሰካን፤ አንድ ሙሉ ኩንታል ጭነን ሞከርን፤ ስክሪኑ ላይ 100.40 መጣ። በቃ ልክ ነው ብዬ ሃረጎን ወጥቼ ደሴ ገባሁ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። «አንድ ሽማግሌ ደረሰኙ ልክ አይደለም ብለው ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አልነሳም ብለዋል» አሉኝ። ወረድኩ። ከቃሉ ገጠር የመጡ አያ ናቸው። ደረሰኙን አጣጥፈው በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ፈትተው ሰጡኝ። ሦስት መስመር አለው፤ 100.40፣ 101.15፣ 0.00። ከታች ድምር 201.55።

«አያ፣ ስንት ጆንያ ነበር ያመጡት?» አልኳቸው።

«ሦስት። ሁለቱ ሙሉ፣ አንዷ ጎደሎ። ጎደሎዋ ይቺ የተቀመጥኩባት ናት። ስትመዘን ቆሜ አይቻለሁ፤ ሃምሳ ሁለት ከምናምን ነው ያለው። ልጄ፣ ሚዛኑስ ልኩን ተናግሯል። ጽሑፉ ነው የበላኝ።»

ጆንያዋን መልሰን መዘንናት። የሚዛኑ መስኮት 52.35 አለ። የእኔ ስክሪን 0.00 አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ገንዘብ ያዧ የምታየው ድምሩን ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ሙሉ ኩንታል ያመጣ ሁሉ ትክክለኛ ደረሰኝ ይዞ ሄዷል። ከመቶ ኪሎ በታች የሆነ ጆንያ ያመጣ ግን ዜሮ ተጽፎለታል። ሙሉ ኩንታል ማምጣት የማይችለው ደግሞ ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ትንሽ መሬት ያለው ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኬብሉ የሚያመጣውን ጽሑፍ እንዳለ አውጥቼ አየሁት። አሮጌው ሚዛን ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ያለውን ክፍተት በዜሮ ይሞላ ነበር። «+052.35» ይላል። አዲሱ ክፍተቱን በባዶ ቦታ ይሞላል። «+ 52.35» ይላል። ልዩነቱ ይቺው ናት፤ በመደመር ምልክቷና በአምስት መካከል ያለች አንድ ባዶ ቦታ። ክብደቱ መቶ ሲያልፍ ቦታውን አሃዝ ይይዘዋል፤ ባዶው ይጠፋል። ስንሞክረው ልክ የመጣው ለዚህ ነው።

ለሰው ዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው። ለሲ ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ምንም አይደለም።

ለምን? እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ። ስትሪንግ፣ ማለትም ፕሮግራም የሚይዘው ጽሑፍ፣ የባይቶች ሰልፍ ነው፤ ባይት አንድ ትንሽ ቁጥር የሚይዝ የሜሞሪ ቦታ ነው። «52.35» ስንል ሜሞሪ ውስጥ የተሰለፉት 53፣ 50፣ 46፣ 51፣ 53 ናቸው። መጨረሻ ላይ ሰልፉ ማለቁን የሚናገር 0 ይቆማል። አምስት የምትባለው ምልክት አስኪ በሚባለው፣ ለየምልክቱ ቁጥር በሚሰጠው ሠንጠረዥ፣ ቁጥሯ 53 ስለሆነ ነው። ነጥቧ 46 ናት። ከእያንዳንዷ አሃዝ ላይ 48 ስንቀንስ እውነተኛ ዋጋዋን እናገኛለን።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው አንድ ልጅ ቁጥር ሲያነብ ከሚያደርገው ብዙ አይለይም። አምስትን ያዝን። ሁለት መጣች፤ የያዝነውን በአስር አባዝተን ሁለትን ጨመርን፤ 52። ነጥብ መጣች፤ ቦታዋን አስታወስን። ሦስት መጣች፤ 523። አምስት መጣች፤ 5235። ከነጥቧ ወዲህ ሁለት አሃዝ ስላነበብን ለ100 አካፈልን፤ 52.35። ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ እንድትጽፉት እፈልጋለሁ፤ በእጃችሁ ስትሠሩት የሚገባችሁ ነገር አለ። ደንበኛ የሚጠቀምበት ሥራ ላይ ግን እንዳታስገቡት። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሲ ይህን የሚሠራ ዝግጁ ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል፣ አለው። ኤቱኤፍ (atof) ይባላል። ስሙ ሲፈታ «አስኪ ወደ ፍሎት» ነው፤ የሚመልሰው ግን ፍሎት ሳይሆን ደብል ነው። ሁለቱም ነጥብ ያለው ቁጥር መያዣዎች ናቸው፤ ደብል ሰፊው ነው። ኤቱኤፍ መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ይዘላል። ቀጥሎ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ካገኘ ይቀበላል። ከምልክቱ በኋላ ግን ወዲያውኑ አሃዝ ወይም ነጥብ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ባዶ ቦታ ካየ አበቃ፤ ማንበብ አልቻለም። ማንበብ ሲያቅተው ምን ይመልሳል? ዜሮ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ሚዛኑ ባዶ ሲሆን «0.00» ይልካል፤ ኤቱኤፍ ዜሮ ይመልሳል። ይህ ትክክል ነው። ስትሪንጉ ባዶ ቢሆንስ? ዜሮ። «ማሾ» ብላችሁ ብትሰጡትስ? ዜሮ። ኬብሉ ተነቅሎ ቆሻሻ ባይት ቢመጣስ? አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ። «ክብደቱ ዜሮ ነው» እና «ክብደቱን ማንበብ አልቻልኩም» በአንድ ቃል ይመጣሉ። ቁጥሩ ደብል ከሚይዘው በላይ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመለስ የቋንቋው ስታንዳርድ ራሱ ዋስትና አይሰጥም።

እኔ ዛሬ ይህን መድረክ የተቀበልኩት ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ነው። ጽሑፍን ወደ ቁጥር ስንለውጥ ቁጥር ማግኘቱ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ፕሮግራሙ «አላነበብኩም» ማለት እንዲችል ማድረግ ነው።

ሌላ ፈንክሽን አለ፤ ስትርቱዲ (strtod) ይባላል። «ስትሪንግ ወደ ደብል» ማለት ነው። በ1989ኙ የሲ ስታንዳርድ ውስጥ ይገኛል (ዓመቶቹን ሁሉ የምናገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ አዲስ ነገር አይደለም። ንባቡ ከኤቱኤፍ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ሁለተኛዋ ፓራሜትር ላይ ነው፤ ፓራሜትር ለፈንክሽኑ የምንሰጠው ነገር ነው።

ፊደል ስንቆጥር ስንደዶ እንይዝ ነበር። ገበታው ላይ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶው ጫፍ እየነካን «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እንላለን። አንዷ ከጠፋችን ስንደዶው እዚያው ይቆማል። የኔታ ምንም ሳይጠይቁን የት ላይ እንደተያዝን ያውቃሉ። ቁርዓን ቤት የተማራችሁም ሉሁ ላይ ጣታችሁ የቆመበትን ኡስታዙ ያይ ነበር። የስትርቱዲ ሁለተኛዋ ፓራሜትር ያቺ ስንደዶ ናት። ስትርቱዲ ያነበበውን ቁጥር ይመልሳል፤ ስንደዶውን ደግሞ ማንበብ ያቆመበት ፊደል ላይ ትቶልን ይሄዳል።

ስለዚህ ስንደዶው ከመነሻው ካልተነቃነቀ አንድም አሃዝ አልተነበበም ማለት ነው። የተመለሰው ዜሮ ዜሮ አይደለም። ስንደዶው ተነቃንቆ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለችው 0 ባይት ጋ ከደረሰ ሙሉው ጽሑፍ ተነቧል። መሃል ላይ ከቆመ ደግሞ የቀረ ነገር አለ። በእኔ ሚዛን ከቁጥሩ ኋላ የኪሎ ምልክት ይመጣል። ስንደዶው እዚያ ላይ መቆም አለበት፤ የቀረው ሌላ ነገር ከሆነ ግን ችግር አለ ማለት ነው። አሁን ፕሮግራሜ ስንደዶው የቆመበትን ሳያይ አንድም ክብደት አይመዘግብም።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቁጥሩ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ፣ ማለትም ወደ 1.8 ሲባዛ በ10 ኃይል 308 የሚጠጋውን የደብል ጣሪያ ካለፈ፣ ስትርቱዲ ኤርኖ (errno) በምትባለው የስህተት መመዝገቢያ ቫሪያብል ላይ «ከልክ ወጥቷል» የሚል ምልክት ይጽፋል። ስትርቱዲን ከመጥራታችሁ በፊት ኤርኖን ራሳችሁ ዜሮ አድርጓት። ላይብረሪው፣ ማለትም የዝግጁ ፈንክሽኖቹ ስብስብ፣ ስህተት ሲኖር ይጽፍባታል እንጂ ስህተት ሳይኖር አያጸዳትም። ያልጸዳች ኤርኖ የትናንቱን ጥፋት በዛሬው ንባብ ላይ ትለጥፋለች።

ሌላውን የማንበቢያ ፈንክሽን፣ ስካንኤፍን (scanf)፣ የምትወዱ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ያልተነበበውን ይናገራል፤ ስንት ነገር እንዳነበበ ቁጥሩን ይመልሳል። ነገር ግን ደብል ውስጥ እያነበባችሁ የኤፍ ምልክትን (%f) ብቻ ከሰጣችሁት የሚጽፈው አራት ባይት ብቻ ነው፤ ደብል ስምንት ባይት ነው። የሚወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ኤል ኤፍ (%lf) መሆን አለበት። ለማተም በሚያገለግለው ፕሪንትኤፍ (printf) ላይ ግን ኤፍ ለሁለቱም ይሠራል፤ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የቁጥሩ ልክ ሲያልፍ ስካንኤፍም ዋስትና የለውም።

ሌላም የተለመደ ነገር አለ። ኤቱኤፍንም ስትርቱዲንም ለፕሮግራሙ የምታስተዋውቀው የስታንዳርድ ላይብረሪው ሄደር ፋይል (stdlib.h) ናት። እሷን ሳያስገቡ ኤቱኤፍን መጥራት በድሮው ሲ ይፈቀድ ነበር። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ፈንክሽኑን ስለማያውቀው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ይገምታል። ደብሉ በአንድ በር ሲወጣ ፕሮግራሙ በሌላ በር ይጠብቃል። «52.35 ሰጥቼው ምን የመሰለ ቁጥር አወጣብኝ» እያለ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። በ1999ኙ ስታንዳርድ ይህ ግምት ቀርቷል። ጂሲሲ (GCC) የሚባለው ኮምፓይለር ግን ለዓመታት በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያልፈው ቆይቶ፣ በ2024 የወጣው 14ኛው ቅጂ ነው በነባሪው ስህተት ብሎ የሚያቆመው። የላብ ኮምፒውተሮቻችሁ ላይ ያለው የቆየ ቅጂ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ጽሑፍ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የውጭ መጻሕፍት ይህን አይነግሯችሁም።

ነጋዴ ገንዘብ ሲጽፍ እንዴት ነው የሚጽፈው? «1,250.50»። ኮማው ሺውን ይለያል። ስትርቱዲ አንድን ያነባል፤ ኮማው ላይ ይቆማል። ኤቱኤፍ ብትጠቀሙ 1 ብር ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ዜሮ እንኳን አይደለም፤ እውነት የሚመስል ቁጥር ነው። ከዜሮ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። ዜሮን ቢያንስ እንደ እኚያ አያ ያለ ሰው ያየዋል።

የስልክ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ አራት ነጥብ ለጣት ቅርብ ናት። አንዱ ሳያስበው «52።35» ብሎ ቢጽፍ ስትርቱዲ 52 ብሎ ይቆማል። ሠላሳ አምስቱ ይቀራል።

የግዕዝ ቁጥርስ? «፶፪» ብሎ የሚጽፍ ሰው ዛሬም አለ፤ በተለይ በቤተ ክህነት ሰነድና በቀን አጻጻፍ ላይ። የግዕዝ ቁጥሮች የዓለምን ፊደላት ሁሉ በቁጥር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ ከፊደላችን ጋር በ1999 ገብተዋል። ዩኒኮድ በባይት በሚጻፍበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዷ ሦስት ባይት ናት፤ ስለዚህ «፶፪» ስድስት ባይት ነው። ስትርቱዲ የመጀመሪያዋን ባይት ሲያይ 225 ናት። አሃዝ አይደለችም። ስንደዶው ከመነሻው አይነቃነቅም።

ይህን በማስተካከያ ሠንጠረዥ ብቻ መፍታት አይቻልም። የግዕዝ ቁጥር የቦታ ዋጋ የለውም። ፶ ሃምሳ ናት፤ የትም ብትቆም ሃምሳ ናት። ስለዚህ «በአስር አባዝቶ መጨመር» የሚለው ዘዴ አይሠራም፤ ፶ እና ፪ ይደመራሉ። ፪፻ ሲሆን ደግሞ ሁለት በመቶ ይባዛል። ከሁሉ በላይ ዜሮም ነጥብም የለውም። ለግዕዝ ቁጥር የራሱን አንባቢ መጻፍ አለባችሁ፤ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ከእናንተ አንዱ ቢሠራው ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

አሁን ደግሞ ዘመድ ከጀርመን የላከላችሁን ላፕቶፕ አስቡ። ጀርመንና ፈረንሳይ የአሥርዮሽ ነጥብን በኮማ ነው የሚጽፉት፤ «52,35» ይላሉ። የሲ ፕሮግራም ሲነሳ «ሲ» በሚባለው ነባሪ ሎካል (የአገር አጻጻፍ ምርጫ) ስለሚነሳ ነጥብ ነጥብ ሆና ትቆያለች። ፕሮግራሙ ሎካልን የሚቀይረውን ፈንክሽን ሴትሎካልን (setlocale) ጠርቶ የኮምፒውተሩን ምርጫ ከተከተለ ግን ስትርቱዲም ኤቱኤፍም ኮማ መጠበቅ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ «52.35» ነጥቧ ላይ ይቆማል፤ 52 ይሆናል። የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪዎች አንዳንዶቹ ሴትሎካልን እናንተ ሳታውቁ ይጠሩታል። የላፕቶፑን ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ የቁጥር አጻጻፉ ጀርመንኛ ሆኖ ሊቀርም ይችላል። ደሴ ላይ የሠራ ፕሮግራም ወልድያ ላይ ሌላ ቁጥር ሲሰጥ ይህንንም ጠርጥሩ።

ሌላ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከ1999ኙ ስታንዳርድ ወዲህ ስትርቱዲ አሃዝ ያልሆኑ ነገሮችም ያነባል። በላቲን ፊደል «ናን» (nan) የሚል ጽሑፍ ከመጣ «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለውን ልዩ ዋጋ ይመልሳል። «ኢንፎ» (info) ብሎ የሚጀምር ቃል ካገኘ የፊተኛውን «ኢንፍ» (inf) ወስዶ ወሰን የለሽ ብሎ ይመልሳል፤ ስንደዶውን «ኦ» ላይ ያቆማል። ናን ደግሞ ከምንም ጋር «ያንሳል፣ ይበልጣል፣ እኩል ነው» ተብሎ ሲወዳደር መልሱ ሐሰት ነው። «ክብደቱ ከዜሮ ያንሳል?» ብትሉት አይደለም ይላል። «ከ200 ይበልጣል?» ብትሉት አይደለም ይላል። ፍተሻችሁን ሁሉ ሰላም ብሎ አልፎ ድምራችሁ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ድምሩ ራሱ ናን ይሆናል። ስለዚህ ካነበባችሁ በኋላ ዋጋው የተወሰነ ቁጥር መሆኑን መጠየቅ አለባችሁ። ለዚህ ኢዝፋይናይት (isfinite) የምትባል አለች።

እስካሁን ያወራነው ስለማንበብ ነው። አሁን ያነበብነውን የት እናስቀምጣለን?

አንድ ድፎ ዳቦ አለን እንበል። ለአስር ሰው እኩል ማካፈል አለባችሁ። ነገር ግን ቢላው ግማሽ ላይ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያ ግማሽ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። የአንድ ሰው ድርሻ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥራ ስድስተኛ ስጡት፤ 0.0625፤ አነሰ። አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ጨምሩለት፤ 0.09375፤ ገና ነው። አንድ ስልሳ አራተኛ ብትጨምሩ ያልፋል። መቶ ሃያ ስምንተኛም ያልፋል። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስተኛ ጨምሩ፤ 0.09765625። አምስት መቶ አሥራ ሁለተኛ ጨምሩ፤ 0.099609375። ፍርፋሪ እስኪሆን ብትቆርጡ አይደርስም። ኮምፒውተር የሚቆርጠው በሁለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም። ደብል ውስጥ የሚቀመጠው ዋጋ 0.1000000000000000055 ብሎ ይቀጥላል።

0.5፣ 0.25፣ 0.75 በትክክል ይቀመጣሉ። 52.35 ግን አይቀመጥም፤ ለእሱ የቅርቡ ጎረቤት ይቀመጣል። ይህ የደብል አሠራር በ1985 በወጣው አይትሪፕልኢ 754 (IEEE 754) በሚባለው ስታንዳርድ የተወሰነ ነው። ብዙውን ሥራ የመሩት ዊልያም ካሃን ናቸው፤ በ1989 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን፣ ተሸልመዋል። ደብል 64 ቢት ነው፤ ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ ነው፤ አንዱ ለምልክት፣ 11ዱ ለኃይሉ፣ 52ቱ ለአሃዞቹ። ከ15 እስከ 17 የአሥርዮሽ አሃዝ ያህል ይይዛል።

ለገንዘብ ይህ ምን ያደርጋል? አሥር ሳንቲምን 0.1 ብላችሁ አሥር ጊዜ ደምሩ። አንድ ብር አይመጣም፤ 0.9999999999999999 ይመጣል። ፍሎት ከተጠቀማችሁ የባሰ ነው። ፍሎት 24 ቢት ያህል ትክክለኛነት ብቻ ስላለው «1250000.40» ብር ስታነቡ የሚቀመጠው 1250000.375 ነው። ይህ ለአንድ የእህል ነጋዴ የማይቀር የገንዘብ መጠን ነው። ሳንቲሙ የማን እንደሆነ ማን ይመልሳል?

አሁን ያቺ ሃያ መስመር ኮድ ለምን ለሥራ እንደማትሆን ልናገር። «52.35» ላይ ልክ ትሠራለች። 5235 በደብል በትክክል ይቀመጣል፤ 100ም ይቀመጣል፤ አንድ ማካፈል ብቻ ስላለ ማጠጋጋቱም አንድ ጊዜ ነው። አሃዞቹ ከ15 እስካልበለጡ፣ የአሥር ኃይሉም ከ22 እስካላለፈ ድረስ መልሱ ከሁሉ የቀረበው ጎረቤት ይሆናል። ከዚያ ሲያልፍ አሥር ራሷ ስትባዛ መጠጋጋት ትጀምራለች፤ ማጠጋጋት በማጠጋጋት ላይ ይደረባል፤ መልሱ ወደ ተሳሳተው ጎረቤት ይሄዳል። ጽሑፉ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ልክ መሃል ላይ ሊወድቅ ሲቃረብ ለመወሰን ከ700 በላይ አሃዝ ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በ1990 ተመራማሪዎቹ ዊልያም ክሊንገርና ዴቪድ ጌይ እያንዳንዳቸው ይህን ሁልጊዜ በትክክል የሚያደርግ መንገድ አሳይተዋል። የጌይ ኮድ በብዙ ቋንቋዎች ሆድ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ያህል የተለፋበት ነገርም አልዳነም። በጥር 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፒኤችፒ (PHP) በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ላይ አንድ ቁጥር ተገኘ፤ 2.2250738585072011 ሲባዛ በ10 ኃይል ኔጌቲቭ 308። ይህን ጽሑፍ በአንዳንድ 32 ቢት ማሽኖች ላይ ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ፒኤችፒ መውጫ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ቅጽ ላይ ይህን ቢጽፍ ሰርቨሩ ይያዛል። በቀጣዩ ወር በዚያው ሰፈር ያለ ሌላ ቁጥር፣ መጨረሻው 2 የሆነ፣ ጃቫ የተባለውን ቋንቋ እንዲሁ አሰረ። ሁለቱም ቁጥሮች ደብል በሙሉ ትክክለኛነት ሊይዘው ከሚችለው ትንሹ ቁጥር ጫፍ ላይ ያሉ ናቸው። አንባቢው በጎረቤቶቹ መካከል እየተመላለሰ መወሰን አቃተው። ሁለቱም በኋላ ተስተካከሉ። ጽሑፍ ማንበብ ቀላል ነው ለሚል ሰው ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ መጋዘኑ ላይ ደብል ነው የተጠቀሙት?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አልተጠቀምኩም። ሚዛኑ የሚናገረው ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትሪንጉን እኔው አነበብኩት፤ ከነጥቧ በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን ለየብቻ፣ ስንደዶው የቆመበትን እያየሁ፣ በኢንቲጀር ወስጄ ሁሉንም ወደ ግራም ቀየርኩ። 52.35 ኪሎ 52350 ግራም ነው፤ ኢንቲጀር ውስጥ በትክክል ይቀመጣል። ብሩንም በሳንቲም ነው የምይዘው። ደብል ለሳይንስ ሥራ፣ ለዝናብ ልኬት፣ ለካርታ ይሁን። ለሰው ገንዘብ አይሁን።

ሌላም ነገር ቀየርኩ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከኬብሉ የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ይህን የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ዜሮ የተጻፈባቸውን መስመሮች ስፈልግ አሥራ አንድ አገኘሁ። ግን ዋናውን ጽሑፍ አላስቀመጥኩትም ነበር። ዜሮው ከየትኛው ክብደት እንደመጣ ከኮምፒውተሩ ማወቅ አልተቻለም። ያተረፈን የተሸካሚዎቹ አለቃ ነው። በእስክሪብቶ የሚጽፍበት አንድ ያረጀ ደብተር ነበረው። እያንዳንዱን ጆንያ ከሚዛኑ መስኮት እያየ መዝግቧል። አሥራ አንዱንም ከዚያ አወጣናቸው፤ መጋዘኑም ሰዎቹን እያስጠራ ከፈለ።

አያ የጎደሎዋን ጆንያ ሂሳብ የተቀበሉት በዚያው ቀን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ጭነት ይዘው መጡ፤ እኔም አዲሱን ፕሮግራም ልሞክር እዚያው ነበርኩ። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ተሸካሚው ኬብሉን በእግሩ ጠለፈው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አያ ጠጋ ብለው «ምንድነው የሚለው?» አሉኝ። «አልተነበበም፤ እንደገና ይመዘን» ብዬ አነበብኩላቸው። ኬብሉን መልሰን ሰካነው። ተሸካሚዎቹ ጆንያውን አውርደው እንደገና አወጡት። 49.80።